በበረዶ ላይ የወደቀ ሰው

የሄድኩ ዕለት ማታ እኛ ቤት የተጣሉት ሮለሬና በርበሬው ነበሩ። ሻንጣው ከተፈቀደው ኪሎ አልፎ አስቸገረን። ከባለሱቁ ከጋሽ ሙዘይን ሚዛን ተውሰን፣ በሩ ጉበን ላይ አንጠልጥለን ስንመዝን የሳሪስ ጎረቤት ዙሪያውን ቆሞ ይፈርዳል። አንዷ "ሽሮው ይቀነስ" ትላለች፣ ሌላዋ "ቆሎው ምን አደረገ?" ትላለች፣ ጋሽ ሙዘይን ደግሞ ሚዛኑ እንዳይሰበርበት ከሥር ከሥር ይከተላል። በመጨረሻ ሁሉም "ሮለሩ ይውጣ" በሚለው ተስማሙ። ያሳደገችኝ የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ አስካለ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስታይ ቆየችና፣ የበርበሬውን ፌስታል ጎትታ አወጣችው። "በርበሬ እዚያም አይጠፋም። ጫማውን ይዞ ይሂድ" አለች። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

አገር ቤት ሆናችሁ ይህን የምታነቡ "ለሮለር ብሎ በርበሬ የተወ" ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፣ እኔም እስቃለሁ። ያ ሮለር ግን ከመርካቶ ሰልባጅ የተገዛ፣ ግራው ከቀኙ የሚሰፋ፣ ጎማዎቹ በአንድ መስመር የተደረደሩ ጫማ ነበር። ኩሽኔታውን ጋራዥ ለጋራዥ እየዞርኩ በለመንኩት ግራሶ እቀባዋለሁ። እሁድ ጠዋት ቀለበት መንገዱ ጭር ሲል፣ ከቃሊቲ በኩል የሚመጣ የጭነት መኪና ከኋላ ይዘን ዳገቱን እንወጣና ቁልቁለቱን በራሳችን እንለቀዋለን። የዚያን ሰዓት ብርድና የዚያን ሰዓት ፀሐይ እስካሁን ፊቴ ላይ አውቃቸዋለሁ። እትዬ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ከአሮጌ ጂንስና ከስፖንጅ የጉልበት መከላከያ ሰፍታልኝ "ካልቀረልህ ጉልበትህ እንኳ ይትረፍ" ብላኛለች። አትሂድ ብላኝ አታውቅም።

ቦሌ ላይ ሸኚ ወደ ውስጥ አይገባም፤ የተሰናበትነው መኪና ማቆሚያው ጋ ነው። ጎረቤቶቹ አለቀሱ፣ እትዬ አላለቀሰችም። የሸሚዜን ኮሌታ እያስተካከለች፣ ከተስተካከለም በኋላ እያስተካከለች፣ "እናትህን እንዳታስቀይማት። አንተም አታውቃትም፣ እሷም አታውቅህም። ቀስ በሉ" አለችኝ። ሻንጣዬን ይዤ ገባሁ።

እናቴ ሮም የገባችው እኔ የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ለእኔ በስልክ የሚመጣ ድምፅና በሰው እጅ የሚላክ ጫማ ነበረች፤ ጫማውም ሁልጊዜ ይጠበኝ ነበር፣ በእሷ ልብ ውስጥ ቶሎ አላድግም ነበርና። ቤተሰብ የሚያገናኘውን ወረቀት፣ እዚህ ሪኮንጁንጂሜንቶ የሚሉትን፣ ብዙ ደክማ ስታገኘው አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ አንዲት አጠር ያለች ሴት ካፖርቷን ሳትቆልፍ እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔም "ደህና ነዎት?" አልኳት። እትዬን እኮ "አንቺ" ነው የምላት። እናቴ ቀና ብላ አየችኝና "ደህና ነኝ ልጄ" ብላ ሻንጣዬን መግፋት ጀመረች። ባቡር ውስጥ ገብተን እስክንቀመጥ ወደ እኔ አልዞረችም።

እናቴ ፊሳ ናት። ፊሳ ማለት ከምትንከባከባት አሮጊት ቤት ውላ የምታድር ሠራተኛ ማለት ነው። የምትወጣው ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ብቻ ስለሆነ፣ እኔም ሮም ውስጥ እናት የነበረኝ ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ነው። በሌላው ቀን ከሌሎች አበሾች ጋር በተከራየችልኝ ክፍል ጣሪያ እያየሁ ሳሪስ አሁን ስንት ሰዓት ሆነ፣ እትዬ የስፌት መኪናዋን ዘጋች ወይስ ገና ትሰፋለች እያልኩ እውላለሁ። የሰዓት ልዩነቱ ትንሽ መሆኑ ያናድደኝ ነበር። ይህን ያህል ርቄ ሄጄ ቢያንስ እዚያ ሌሊት ሲሆን እዚህ ቀን መሆን ነበረበት።

ፓስታን እንኳ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። እናቴ በመጀመሪያው እሁድ ወስዳ ስትጋብዘኝ "አልበሰለም፣ መልሱት በያቸው" አልኳት። እንዲህ ነው የሚበላው አለችኝ። እትዬ ፓስታ የምትቀቅለው እስኪንዘላዘል ነው፣ የምታቀርበውም በእንጀራ ነው፤ ይህን አንድ ቀን ለጣሊያኖች ብነግራቸው አንዱ ደረቱን ይዞ ተቀመጠ። ነሐሴ ለእኔ የጭቃና የበቆሎ እሸት ወር ነው፣ እዚህ በነሐሴ አስፋልቱ በሙቀት ቀልጦ ጫማ ይይዛል። ባቡር ውስጥ ሰው አጠገቡ የተቀመጠውን "እንብላ" ሳይል ዳቦውን ጨርሶ እጁን ያራግፋል። መጀመሪያ ሰሞን እያንዳንዱን ታዘብኩት። በኋላ እኔም አንድ ቀን ሳንድዊቼን ብቻዬን ጨርሼ ከወረድኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።

ያዳነችኝ የሮም የባሕር ዳርቻ፣ ኦስቲያ ናት። በበጋ የባሕር ዳር ጥላና ወንበር የማጠፍ ሥራ አግኝቼ በባቡር እመላለስ ነበር። ከአሸዋው ጀርባ ሮለር የሚነዱበት ፒስታ አለ። በምሳ ሰዓት ሮለሬን አድርጌ ስዞር፣ ልጆች የሚያሠለጥን ጢሙ የነጣ ረጅም ሰውዬ አጥሩን ተደግፎ ብዙ አየኝ።

"ማን አስተማረህ?" አለኝ።

"የጭነት መኪና" አልኩት።

አልሳቀም። "ስትፈልግ እንዴት ነው የምትቆመው? ፍሬን የት አለ?"

"ፍሬን የለውም።"

"አሎራ፣ ነገ ና" አለኝ።

ሰውዬው ኩርት ይባላል። ጣሊያን ነው፣ ግን የሮም ሰው አይደለም፤ ጀርመንኛ ከሚነገርበት ከሰሜኑ ተራራ የመጣ፣ በወጣትነቱ በበረዶ ሆኪ ይኖር የነበረ፣ ሮማዊት አግብቶ እዚሁ የቀረ ነው። በገዛ አገሩ የተሰደደ ሰው ያየሁት እሱን ነው። ሥልጠና ሲያልቅ ደረጃው ላይ ተቀምጠን እሱ ስለ መንደሩ እኔ ስለ ሳሪስ እናወራለን። በክረምት ጠዋት በሩ በበረዶ ተዘግቶ አባቱ በመስኮት እየወጣ እንዴት እንደሚጠርግ ይነግረኛል፤ እኔ ዝናብ ካባራ በኋላ ስለሚመጣው የሳሪስ አፈር ሽታ እነግረዋለሁ። አንዳችን የሌላውን በደንብ የምንሰማ አይመስለኝም፣ ግን ሁለታችንም ቀለል ብሎን ነው የምንለያየው።

መስከረም ላይ፣ አገር ቤት ጭቃው ደርቆ ልጆች ሮለራቸውን በሚያወጡበት ሰሞን፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ የበረዶ አዳራሽ ወሰደኝ። በረዶን እስከዚያ ቀን የማውቀው በክረምት ከሰማይ ወርዶ ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው፤ እትዬ በሳህን ለቅማ ታመጣልንና ሳይቀልጥ እንጎርሰዋለን። እዚህ አንድ ሙሉ ሜዳ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ከሥሩ ስለት ያለው ጫማ፣ ፓቲኒ የሚሉትን፣ አስረው ለቀቁኝ፤ ወደቅኩ፣ ተነሣሁ፣ ወደቅኩ። ከዚያ እንዴት እንደሆነ ሳላውቀው ጉልበቴ ነገሩን ያዘው። ከሳሪስ ከወጣሁ ጀምሮ ሰውነቴ የሚያውቀውን ነገር ሲያገኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። እስከ ዛሬም ሌሎቹ ሳይመጡ ቀድሜ እገባና ዓይኔን ጨፍኜ አንድ ዙር እዞራለሁ፣ ቀለበት መንገዱ ላይ ነኝ።

ጨዋታው ለማያውቁት እንዲህ ነው፦ አምስት ሰውና አንድ ግብ ጠባቂ በዚህ በኩል፣ እንዲሁ በዚያ በኩል፣ በእጃቸው ቆልማማ ዱላ፣ መሐል ላይ ዲስኮ የሚባል ጠፍጣፋ ጠንካራ ጎማ። ዲስኮውን ግብ ውስጥ ማስገባት ነው። ሰው መግፋት የተፈቀደ ነው፣ ዳኛው ቆሞ ያያል። ለእትዬ በስልክ ሳስረዳት "ዱላ ይዛችሁ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "በበረዶ ላይ?" አዎ። "ለምን?" አለችኝ።

የሮም ቡድን ደመወዝ የለውም። አንዱ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ ግብ ጠባቂው ታክሲ ነጂ፣ አንዱ ፋርማሲስት፣ እኔም ቀን ቀን መጋዘን ውስጥ ዕቃ እጭናለሁ። በሆኪ የሚኖሩት ሰዎች ሰሜን ናቸው። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እዚያ ሄጄ በዚህ ጨዋታ መኖር። ኩርትም "ትችላለህ" ይለኛል፣ ዝም ብሎ የሚያሞካሽ ሰው ደግሞ አይደለም።

ችግሬ ሌላ ነበር። አገራችን ሰው መንገድ ላይ ቢደናቀፍ፣ ብታውቀውም ባታውቀውም "እኔን!" ትላለህ፣ እጅህም ሳታዘው ይዘረጋል። በመጀመሪያው ሥልጠና ፋርማሲስቱ ፊቴ ሲወድቅ "እኔን!" ብዬ ዲስኮውን ትቼ ጎንበስ አልኩ። ኩርት ፊሽካውን ነፋ።

"ምንድን ነው ያልከው?"

"በእሱ ፋንታ እኔ ልውደቅ እንደማለት ነው።"

በረዶውን አየ፣ ፋርማሲስቱን አየ፣ ወደ እኔ ዞረ። "ግን አንተ አልወደቅክም። እሱ ነው የወደቀው። ጨዋታው ይኼው ነው እኮ!" አለኝ። "ስማ ሱራፌል፣ እዚህ ላይ የወደቀ ሰው የሚባል የለም። ክፍት ቦታ ነው ያለው።"

ልጆቹ ከዚያ ወዲያ መጫወቻ አደረጉኝ። ያቺን ቃል ለመስማት ብቻ ሆን ብለው ፊቴ ይዘረራሉ፤ ታክሲ ነጂው እንኳ ከግቡ ወጥቶ ይወድቃል። ኩርት ደግሞ ቀልዱን ወስዶ ሥልጠና አደረገው። ተራ በተራ ይወድቃሉ፣ እኔ አልፌ ግብ አገባለሁ። መጀመሪያ ድምፄ ጠፋ፣ ከንፈሬ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ከጊዜ በኋላ ከንፈሬም ተወ። ኩርት "ብራቮ" ሲለኝ ደስ አለኝ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ደስ ማለቴ ደስ አላለኝም።

ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ማለት ነው፣ ላሳድስ የሄድኩ ቀን ደግሞ ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ሰውዬ "ሥራ?" አለኝ።

"መጋዘን እሠራለሁ። ሆኪም እጫወታለሁ።"

"ሯጭ" እያለ መጻፍ ጀመረ።

"ሯጭ አይደለሁም፣ ሆኪ ነው ያልኩዎት።"

"ኢትዮጵያዊ አይደለህም?"

"ነኝ።"

"ታዲያ?"

"በበረዶ ላይ የሚጫወቱት ሆኪ።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠና ወደ ውስጥ ተጣራ። "ማርኮ! ና እስኪ፣ በረዶ ላይ የሚጫወት ኢትዮጵያዊ መጥቷል!" ማርኮ የተባለው የቡና ስኒውን እንደያዘ መጥቶ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና "መንገድ ጠፍቶት ነው?" አለ። እኔ ፊት ነው እንግዲህ። የመጀመሪያው ሰውዬ አሰበበት፣ ከዚያ "ቫ ቤኔ፣ መጋዘን ብዬዋለሁ። ሆኪውን ብጽፈው እኔን ነው የሚጠይቁኝ" አለና ማህተሙን መታ።

አከራዬ ሲኞር ፓስኳሌም ከሥር ያለው ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ አንድ ቀን ደረጃው ላይ አስቆሙኝ። "ስማኝ፣ የናንተን ወጥ ለምጄዋለሁ። እንዲያውም ሐሙስ ሐሙስ እናትህ ስትሠራ በሬን ከፈት አደርጋለሁ። ግን ያ ቦርሳ!"

"የሆኪ ልብስ ነው ሲኞሬ። ላብ ነው።"

"ላብ አይደለም። ውላችን ላይ እንስሳ ማስገባት ክልክል ነው ተብሎ ተጽፏል።"

"እንስሳ የለኝም እኮ።"

"እሱን ነው የምልህ። ነበረህ፣ አሁን ሞቷል።"

ከዚያ ወዲህ ቦርሳዬ ሰገነት ላይ ነው የሚያድረው፣ በዝናብም በፀሐይም።

እንዲህ እያልኩ ዓመታት ሄዱ። እናቴን "አንቺ" ካልኳት ቆየሁ፣ "እማዬ"ም እላታለሁ፤ መቼ እንደጀመርኩት ሁለታችንም አናውቅም። ዘንድሮ የዚህ አገር ክረምት ሲወጣ ኩርት ከሥልጠና በኋላ ያዘኝና ከሰሜን አንድ የፕሮፌሽናል ቡድን ቅዳሜ ለወዳጅነት ጨዋታ እንደሚመጣ ነገረኝ። ዲሬቶሬው፣ ተጫዋች የሚመርጠው ሰውዬ ማለት ነው፣ ፈጣን አጥቂ ይፈልጋል። "ካንተ በቀር የማሳየው ሰው የለኝም" አለኝ። የዚያን ሳምንት ምን እንደበላሁ አላስታውስም።

እማዬ ተጫውቼ አይታኝ አታውቅም። ጨዋታችን አብዛኛውን ጊዜ እሁድ ነው፣ እሁድ ደግሞ ቅዳሴዋ ነው። በዚህኛው ግን ከአሮጊቷ ሲኞራዋ የቅዳሜን ከሰዓት ለመነች፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት እንዲህ ያለ ነገር ለምና አታውቅም። ካፖርቷ ላይ ነጠላዋን ደርባ ከቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ተቀመጠች፣ የፋርማሲስቱ ሚስት ብርድ ልብሷን አካፈለቻት።

የሰሜኖቹ ልጆች ትከሻቸው በር ያክላል፣ በረዶው ላይ ግን ከእኔ አይፈጥኑም። መጀመሪያ ላይ አንድ ግብ አገባሁ፣ ቆይቼ ለቧንቧ ሠራተኛው አቀበልኩና እሱም አገባ። እነሱም ሁለት አገቡ። ዲሬቶሬው ሲቀመጥና ሲነሣ በዓይኔ ጠርዝ አያለሁ። ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ዲስኮው እኔ እጅ ገባ፣ ፊቴ አንድ ተከላካይ ብቻ ቀረ። ወደ ኋላ እየሄደ ሲዞር የጫማው ስለት ያዘውና በጀርባው ወደቀ፤ የራስ ቁሩ በረዶውን ሲመታ አዳራሹ ሁሉ ሰማው። ሁሉም ጸጥ አለ። እኔ ያየሁት ኩርት እንዳስተማረኝ ክፍት ቦታውን ነው፣ ከዚያም ወዲያ ግቡን።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከላይ "እኔን!" የሚል የሴት ድምፅ መጣ።

የእማዬና የእትዬ ድምፅ አንድ ነው። እናቴ ከሮም ስትደውል ጎረቤቶቹ "አስካለ፣ ከራስሽ ጋር ነው የምታወሪው?" እያሉ ይቀልዱ ነበር። ያ ድምፅ ሲመጣ ሳሪስ ነበርኩ፣ መንገድ ላይ ሰው ወድቆ ነበር፣ እኔም በአጠገቡ የማልፍ ልጅ ነበርኩ። ቆምኩ። ዲስኮውን ትቼ ጎንበስ ብዬ እጄን ዘረጋሁና በአማርኛ "አይዞህ፣ አይዞህ" አልኩት። ልጁ ፊቱ ጠቃጠቆ የሞላው፣ ገና ጢም ያላወጣ ነው። እጄን ይዞ ተነሣ፣ ግራ ገብቶት አየኝ፣ ከዚያ እግሩ ሥር ዲስኮውን አየ። በዱላው ሳብ አድርጎ ሄደ። የእኛ ልጆች አፋቸውን ከፍተው እንደቆሙ ነበር፤ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ማንም አልነካውም፣ አገባው። በዚያው ተሸነፍን።

ጨዋታው ሲያልቅ ሁለቱ ቡድኖች ተሰልፈው ይጨባበጣሉ። ያ ልጅ እኔ ጋ ሲደርስ እጄን ትንሽ አቆየው፣ ሊናገር የፈለገ ነገር ነበረው። ፊቴን አዙሬ አለፍኩት።

ዲሬቶሬው መተላለፊያው ላይ ከኩርት ጋር ጠበቀኝ። "እንዳንተ የሚንሸራተት ልጅ እኔ ጋ የለም" አለኝ። "ግን ለሚቆም ሰው ደመወዝ መክፈል አልችልም።"

"ለዓመታት አላደረገውም" አለ ኩርት። "ዛሬ ምን እንደነካው አላውቅም።" ንገረው በሚል ዓይን አየኝ። እናቴ ናት የጮኸችው እንዴት ይባላል?

"ቦታው እስከ ሰኞ ክፍት ነው" አለ ዲሬቶሬው። "ደውልልኝ። ሰው ፊትህ ቢወድቅ አልፈኸው እንደምትሄድ በራስህ አፍ ንገረኝ። ከዋሸኸኝ ከድምፅህ አውቃለሁ።" እጄን ጨብጦ ወደ አውቶቡሳቸው ወጣ።

ከእማዬ ጋር ተመልሰን ዋናው ባቡር ጣቢያ ቴርሚኒ ደረስን። ቪያ ቮልቱርኖ ያለ አበሻ ምግብ ቤት ገብተን ሽሮ አዘዘችልኝ፣ ራሷ ግን አልቆረሰችም። "የጮኽኩት እኔ ነኝ" አለች።

"አይ እማዬ፣ እግሬ ነው የከዳኝ።"

"እግርህንማ አየሁት" አለችና አጎረሰችኝ። ሲኞራዋ እየጠበቀቻት ስለነበር ቶሎ ተነሣን።

ዛሬ እሁድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለእትዬ ደወልኩላት። "ሂድ" ወይም "ተው" እንድትለኝ ፈልጌ ነበር፣ ከሁለቱ የትኛውን እንደምፈልግ ግን አላውቅም። ስለ ዲሬቶሬው፣ ስለ ድምፁ፣ ስለ ቆምኩት፣ ስለ ሰኞው ሁሉን ነገርኳት። እህ፣ እህ እያለች ሰማችኝ።

"ታዲያ ተነሣ?" አለችኝ።

"ማን?"

"የወደቀው ልጅ ነዋ!"

"ተነሣ እንጂ። ተነሥቶ ጎል አገባብን።"

"እሰይ! ደህና ነዋ! ተመስገን።"

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ቀጥሎ ደግሞ ተናደድኩ። "እትዬ፣ እንጀራዬ እኮ ነው የሄደው።"

"እሱን ሰማሁ። ስሙ ማን ይባላል?"

"አልጠየቅኩትም።"

"ምኑን ነው የተመታው?"

"ጭንቅላቱን መሰለኝ።"

"ጭንቅላት እኮ እያደር ነው የሚያመው። እንዴት ነህ አላልከውም?"

"ሊያናግረኝ ፈልጎ ነበር። አለፍኩት።"

ከሩቅ የልጆች ጩኸትና የሆነ መኪና ጥሩንባ ይሰማኛል፣ የሳሪስ እሁድ ነው። "ሆድ ብሶህ ነው" አለችኝ ለስለስ ብላ፣ ራሷ ሰበብ ፈልጋልኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ለዚያ ለዲሬቶሬ ደግነቴ በዝቶበታል፣ ለእትዬ ደግሞ ጎድሎባታል፣ ይህ ሁሉ ደግሞ በአንድ ከሰዓት።

"ሰኞ እደውላለሁ አላልከኝም?" አለች።

"አዎ።"

"እንግዲያው መጀመሪያ ስለ ልጁ ትጠይቃለህ። እንዴት አደረ ብለህ። ከዚያ የራስህን ትናገራለህ። ሰው ዘሎ ጉዳዩ ውስጥ አይገባም።"

"ሂድ ነው የምትይኝ፣ ተው?"

"እኔ የበረዶ ነገር ምን አውቅልሃለሁ?" አለችና ሳቀች፣ ሳልም ሳቁን ያዘው። ትንሽ ቆይተን ተሰነባበትን።

አሁን እየመሸ ነው። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ የነገውን ስልክ ጮክ ብዬ በጣሊያንኛ እለማመዳለሁ። "ቦንጆርኖ፣ ሱራፌል ነኝ፣ ከሮም። ቅዳሜ የወደቀው ልጅ እንዴት ሆነ?" እስከዚህ ድረስ ቃሉ ሁሉ ቀጥ ብሎ ይመጣልኛል። ቀጥሎ ያለውን፣ ዲሬቶሬው ከአፌ የሚጠብቀውንም ዐረፍተ ነገር አውቀዋለሁ፣ አጭር ነው፣ ከባድ ቃል የለበትም። እሱ ጋ ስደርስ ግን እቆምና እንደገና "ቦንጆርኖ" ብዬ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።